ያለ ዋስ የተበላ ዕቁብ

በአንድ ወቅት፣ ደመወዝ ወሩን ሳያጋምስ በሚሞትበት ዘመን፣ መምህር ጫኔ የሚባሉ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ስለ ቁጠባ ሲያስተምሩ ጥቁር ሰሌዳው ራሱ ጠመኔ ይቆጥብ ነበር አሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸውን ለኮሌጅ መክፈያ ብለው ዕቁብ አስጀመሯቸው፤ ዳኛውም እሳቸው ሆኑ። አንድ ነገር ብቻ ዘለሉ። ዕቁብ የሚበላ ሰው ዋስ ይጠራል፤ እሳቸው ግን «የገዛ ልጆቼን ዋስ አምጡ ልበል?» ብለው ተዉት።

የመጀመሪያው ዕጣ ለውባለም ወጣ። ጓዴ የሚባል የክፍል ጓደኛዋ «እናቴ ልትሞትብኝ ነው» ብሎ አለቀሰ፤ ያ ዕንባ ድልድይ ያፈርስ ነበር። «በል፣ ተራዬን ውሰድ» አለችው። መምህሩም ፈቀዱ። እናትየው ግን ደህና ነበሩ፤ ጓዴ ብሩን ይዞ በሳምንቱ የስደት መንገድ ገባ። ከዚያ በኋላ ዕቁብ የበሉት ሁሉ «ጓዴ ያልከፈለውን እኛ ምን ቤት ነን?» እያሉ ተበተኑ። ብሩ ሳይደርሳቸው የቀሩት ውባለም፣ አትጠገብና ይዘንጋው ብቻ ሆኑ።

አትጠገብ አንድም ዙር አላጓደለችም። አንዲት ሳሙናዋ እንኳ ሳታልቅ አርጅታ ሸበተች፤ ምሳ የሚባለውንም ነገር የምታውቀው ከጎረቤት በሚመጣው ሽታ ነው።

ይዘንጋው አንዳንዴ ያጓድላል፤ ንግድ ግን ያውቃል። ከአንዲት እንቁላል ተነስቶ ዶሮ፣ ከዶሮ በግ ደረሰ። በጊቱ ስትቆም ለሰፈሩ ጥላ ትሆን ነበር! ዕቁቡ ሲራቆት እሷን ሸጦ ሞላው።

በምዝገባው የመጨረሻ ቀን መምህሩና ሦስቱ ተማሪዎች ኮሌጁ ግቢ ተገኙ። መምህሩ ኮታቸውን ሸጠው ቢጨምሩበትም፣ ብሩ የበቃው ለአንድ ሰው ነው። የመስኮቷ ጸሐፊ «ከፊል ክፍያ አንቀበልም፤ ለከርሞ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ነው» አለቻቸው።

«ቲቸር፣ የጾምኩት ለጓዴ ነው እንዴ?» አለች አትጠገብ።

«አንቺ ስትጾሚ እኔ በጌን አርጄ በላሁ ማለት ነው? ሸጥኳት እንጂ!» አለ ይዘንጋው። «ያለ እሷ ይሄ ብር ማንንም አያስመዘግብም። ውባለምማ ዝም ትበል፤ በሯን ለሌባ የከፈተች እሷ!»

መምህር ጫኔ አንገታቸውን ደፉ። በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን ማካፈል ያስተማሩ ሰው፣ ይቺን ማካፈል አቃታቸው፤ ብትከፈል ሦስቱም ይቀራሉ፣ ባትከፈል ሁለቱ።

«በቃ፣ ዕጣ እናውጣ» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ዕጣውማ ወጥቶልኝ ነበር፣ ቲቸር» አለች ውባለም፣ ቀስ ብላ።

ጸሐፊዋ መዝጊያውን ያዘች።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ብሩ የሚገባው ለማን ነው? ለጾመችው፣ ለሞላው፣ ወይስ ዕጣዋን ለሰጠችው? ቶሎ በሉ እንጂ፤ መስኮቱ እየተዘጋ ነው።