ጎርፍና ትንሿ ማጣሪያ

ተረት ልንገራችሁ፣ እናንተም ጆሮ ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃውም እንስሳውም አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ ክረምቱ አልወጣም አለ። ዘነበ፣ ዘነበ፣ አሁንም ዘነበ። ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። ደብሬ የምትባል ሴት ሕፃን ልጇን ስንዱን አዝላ፣ አህያዋን እየነዳች ወደ ጉብታው ሸሸች። ከቤቷ ያተረፈችው አንድ ኩባያና በትከሻ የምትንጠለጠል ትንሽ የውሃ ማጣሪያ ብቻ ነበር።

ጉብታው ላይ አያ ጅቦ ቀድሟት ተቀምጧል። አህያ ደንግጣ ወደኋላ አለች።

«አትፍሪ፣» አላት አያ ጅቦ፣ «ዛሬስ እኔንም የሚበላኝ መጥቶብኛል።»

ስንዱ በጥም አለቀሰች። ጎርፍ ልቅሶዋን ሰምቶ እየተንከባለለ መጣ።

«እሜቴ፣ ዙሪያሽን ውሃ ከቦሽ ልጅሽ በጥም ታልቅስ? ዝቀሽ አጠጫት እንጂ!»

«እንዳትሰሚው!» አለች ማጣሪያዋ። «ስንት በረት፣ ስንት መጸዳጃ ጠርጎ እንደመጣ እሱ ያውቃል። መጀመሪያ በእኔ በኩል ይለፍ።»

«ጠብታ ማን ይጠብቃል!» አለ አያ ጅቦ። ጎርፉን ግጥም አድርጎ ጠጣ። ብዙም ሳይቆይ ሆዱን ይዞ ይንፈራገጥ ጀመር።

ደብሬ ጎርፉን በእፍኟ ቀድታ ማጣሪያዋ ላይ አፈሰሰች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ። የኩባያው ታች ረጠበ፣ ከዚያም ሩቡ ሞላ። ጎርፍ ይህን ሲያይ ጭቃውን ሁሉ ሰብስቦ ማጣሪያዋን ደፈናት። ጠብታው ቆመ።

«ደከመሽ?» አላት።

«ታፈንኩ እንጂ አልደከመኝም። ደብሬ፣ ያጠራሁትን ውሃ በመውጫዬ በኩል መልሰሽ አፍስሽብኝ፣ ጭቃውን እተፋለሁ።»

«ልጅቷ እያለቀሰች?» አለች አህያ።

ደብሬ ኩባያውን አነሳች። ስንዱን አየቻት። ጥርሷን ነክሳ ያንን ሩብ ኩባያ አፈሰሰችው። ማጣሪያዋ ጭቃውን ተፋች። ደብሬም የነጠላዋን ጫፍ አጥፋ ጭቃውን በጨርቁ እያስቀረች እንደገና ጀመረች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ጎርፍ ድምፁን አለሳለሰ። «እሺ፣ ተሸነፍኩ። ኩባያሽ ጠርዙ ቆሽሿል፤ እሱን እንኳ ላለቅልቅልሽ።»

ደብሬ ኩባያውን ልትነክረው ጎንበስ ስትል አህያ በአፍንጫዋ ገፋቻት። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው!»

ደብሬ እጇን ሰበሰበች። ኩባያውን በጠራው ውሃ አለቀለቀችና ሞላችው። ስንዱ ጠጣች፣ ጠጣች፣ እናቷ ጉያ ውስጥ ተኛች።

«ደብሬ፣ ለእኔም…» አለ አያ ጅቦ እያቃሰተ።

አህያ ፊቷን አዞረች። ደብሬ ግን ቀድታ ሰጠችው። «ቀስ እያልክ ጠጣ፣» አለችው።

ዝናቡ እስኪያባራ ደብሬ ማጣሪያዋን ጭቃው ሲደፍናት እያጠበች፣ ስትጠራ ውሃ እያጣራችባት ቆየች። ጎርፍ ታክቶት ወደ ወንዙ ተመለሰ። አያ ጅቦም በደካማ እግሩ ተነሳና አህያዋን ቀና ብሎ ማየት አፍሮ ወደ ጫካው ገባ። ደብሬ ልጇን አዝላ ቤቷን ልትጠግን ወረደች።

ጠብታን ያልታገሠ ጎርፍን ይጋታል።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በጠራ ውሃ አርሱ።