ለጥንዚዛ የተጠራ ደቦ

አንድ ባቄላ የሚዘራ ሰው ነበረ።

ዳኛ ደባልቄ፣ ፊትህን አታጥቁር፤ ጥያቄህን አልረሳሁም። «በሽተኛና ምጥ የያዛትን ሴት ተሸክመው ጤና ጣቢያ የሚያደርሱ ስምንት ጎረምሶች አሉን። እኔ የቃሬዛ ማኅበሩ ዳኛ ከሆንኩ ጀምሮ ሰባት ወር ሙሉ ማንም አልታመመም። እነሱ ግን በየወሩ መጨረሻ እሑድ የማኅበሩን ንፍሮና ጠላ ጥርግ አድርገው ይበላሉ። ባዶ ቃሬዛ ለሚጠብቅ ጎረምሳ ምሳው ምን ያደርግለታል? ላስቀረው ወይስ ይቀጥል?» ነው ያልከኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የማኅበር ሕግም አላውቅ። የማውቀው ይህን ሰውዬ ነው። እዚች ድንጋይ ላይ አረፍ በልና ስማኝ። የጨመርኩት ነገር ካለ ለማጣፈጫ ያህል ነው፤ ዋናውን አልነካሁትም።

ሰውዬው ንጽሕና ይወድ ነበር። የቤቱን አይደለም፣ የማሳውን። በባቄላው መካከል አንዲት አረም ብቅ ያለች እንደሆነ ሌባ እንደገባበት ሰው ይጮኻል። ወሰኑ ላይ የሚበቅለውን መጭና አደይ በማጭድ ሙልጭ አድርጎ ስለሚላጨው፣ ዳር ዳሩ ዝንብ ብታርፍበት የሚያዳልጣት ነበር። መንገደኛው ሁሉ «ገበሬ ማለት ይኼ ነው!» ይላል። እሱም ይህቺን ለመስማት መንገድ ዳር ቆሞ ይውላል።

ነገር ግን በየዓመቱ፣ ባቄላው አበባ ሲይዝ ክሽክሽ ይመጣበታል። ያ የለጋውን ጫፍ ወርሮ ጭማቂውን የሚመጥ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ ጥቁር ተባይ። ጠዋት አንዷን ያየህ እንደሆነ፣ ማታ ልጆቿን፣ የልጅ ልጆቿን፣ ክርስትና ያነሣቻቸውንም ጭምር ታገኛለህ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ማሳውን አራቆተው። በአራተኛው ዓመት ለሰውዬው የቀረችው ዘር አንዲት ቁና ብቻ ነበረች፤ እሷኑ ዘራ። እሷም ካልሰጠች፣ መሬቱን ለሚስቱ ወንድም የእኩል ሰጥቶ፣ ራሱ ሰው አገር ሄዶ ቀን ሠራተኛ ሊሆን ነው። አማቹም ይህን ስለሚያውቅ፣ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር መሬቱን በእርምጃ እየለካ ያልፋል።

ባቄላው ሊያብብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰውዬው አሰበ። በዚያ ክረምት ዝናቡ ስለበዛ፣ ወሰኑ ላይ ያለው አረምና አበባ ከሰው ቁመት በልጦ ነበር። «ክሽክሹ የሚደበቀው እዚህ ጫካ ውስጥ ነው» አለና ጫካውን ለማስላጨት ደቦ ጠራ። ለሃያ ሰው «ወሩ በገባ በሃያ ኑ» ብሎ ተናገረ። ሚስቱ ሦስት እንስራ ጠላ ጠመቀች፤ ካለቻቸው ጥቂት ማር ቀንሳ አንድ ቅል ብርዝ በጠበጠች፤ ከዚያ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ወደ ቆላ ወረደች።

ጥፋቱን አሁን ስማ። ሰውዬው ቀን የሚቆጥረው በተቆላ ባቄላ ነበር። ወር ሲገባ ባዶ ጣባ ያስቀምጣል፤ በየማለዳው አንዲት ፍሬ ይጥልበታል፤ ቀኑ ስንት እንደሆነ ሲፈልግ ፍሬዎቹን ይቆጥራል። በዚያ ወር አንድ ማታ እራት ዘገየበትና እጁን ሳያስበው ወደ ጣባው ሰደደ። አንዲት ፍሬ አፉ ውስጥ ቀጭ አለች። እንግዲህ አንድ ሙሉ ቀን ቆረጠመ ማለት ነው። ከአዳም ጀምሮ ቀን የበላ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እውነተኛው ሃያ ሲደርስ ሃያው ሰው ማጭዱን ይዞ መጣ፤ ጠሪው የለ፣ ጠላው የለ፤ ተራግሞ ተመለሰ። ሰውዬው ያን ጊዜ ገበያ ነበር፤ በጣባው ቁጥር ገና አሥራ ዘጠኝ ነውና። በማግስቱ ማለዳ እንስራዎቹን በአህያ ጭኖ፣ ማሳው ዳር ሣር ጎዝጉዞ፣ ዋንጫዎቹን ደርድሮ ተቀመጠ። ጠበቀ። ፀሐይ ወጣች፣ ሞቀች፣ ማጭድ የያዘ አንድ ሰው አልመጣም። ነጭ ነጠላ የለበሰ ግን መንገዱን ሞልቶ ያልፋል።

አማቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አየውና ቆመ።

«በማርያም ቀን ደቦ?» አለው። «ሰዉ ትናንት መጥቶ አጥቶህ ተመለሰ እኮ! ዛሬ በበዓል ማን ሊመጣልህ ነው፣ ጥንዚዛ?»

«አዎን፣ ጥንዚዛ!» አለ ሰውዬው እልህ ይዞት። «ምነው? የጠራሁት እነሱን ነው፤ ምን አገባህ?»

አማቹ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ሄደ። ሳቁ ከማዶ ተራራ ጋር ሲጋጭ ሦስት ቀን ሰነበተ።

ሰውዬው ሦስት እንስራ ጠላና አንድ ቅል ብርዝ እንደታቀፈ ብቻውን ቀረ። ወደ ቤት እንዳይመልሰው፣ ለደቦ የተጠመቀ ጠላ ሳይነካ ሲመልስ የታየ ሰው በዚያ አገር መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። ብቻውን እንዳይጠጣው የሃያ ሰው ነው፤ ሞክሮም አራተኛው ዋንጫ ላይ አቆመ። ከዚያ ብድግ አለ። የወይራ ዝንጣፊ ሰበረ፤ አተላውን ከብርዙ ጋር ደባለቀ፤ ዝንጣፊውን እየነከረ ያንን ያልተላጨ ወሰን ዙሪያውን እንደ ጠበል ይረጨው ጀመር።

«ብሉ! ጠጡ! ደቦዬ እናንተ ናችሁ!» ይላል። «የበላ ግን ሥራ አለበት፣ ኋላ አልሰማንም እንዳትሉ!»

እየረጨም እየሳቀም ዞሮ ሲመለስ፣ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

አንዲት ጥንዚዛ ቅጠል ላይ ተቀምጣለች። ቀይ ናት፤ ጀርባዋ ላይ በመርፌ ጫፍ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ አለባት። ጠብታዋ ላይ አፏን ደፍታ ትጠጣለች። ሁለተኛዋ መጣች። ከዚያ ክንፏ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ዓይኗ እንደ ወርቅ የሚያበራ አረንጓዴ ነፍሳት አረፈች፤ ከዚያ ንብ መስሎ ንብ ያልሆነ ዝንብ፣ ባየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆሞ ጠብታውን የሚመርጥ፤ ከዚያ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ፣ ወገቧ ካለመኖር የማይሻል ተርብ። መጡ፣ መጡ፣ መጡ። ፀሐይዋ ጭራሽ በክንፍ ተሸፍና ነበር ብል ትስቅብኛለህ፤ እንግዲያው ግማሿ ብቻ ተሸፍና ነበር በል። ሰውዬው እዚያው ቁጢጥ ብሎ ዋለ። አርባ ዓመት የኖረበት መሬት ነው፤ እነዚህም አርባ ዓመት አብረውት ኖረዋል፤ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን አይቶ አያውቅም። ቆቡን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ ራሱም አልገባውም።

በዚያ አገር ልማድ ደቦ የጠራ ሰው፣ ሥራው እስኪያልቅ የማብላት ግዴታ አለበት። ሥራው ደግሞ ገና አልተጀመረም። ስለዚህ ሰውዬው እሑድ እሑድ ከአተላው አንድ ጭልፋ፣ ከማሩ አንድ ጣት በውኃ እየበጠበጠ ወሰኑን መርጨት ያዘ። ወሰኑንም መላጨት ተወ፤ የደቦ ሰው ተቀምጦ የሚበላበትን ሣር ማን ያጭዳል? ስለ እውነቱ ከሆነ ግማሹ ነገር እልህ ነበር፤ አማቹ ያንን ቃል በመንደሩ ሁሉ አዳርሶት ስለነበር፣ አሁን ቢያቆም ሞኝነቱን ማመን ይሆንበታል።

ሚስቱ ከቆላ ተመልሳ ማሩን ስታይ ጮኸች።

«ልጆቼ ያልቀመሱትን ማር ለትል?»

«ትል አይደሉም፣ ደቦ ናቸው።»

«እሺ ደቦ ይሁኑ! በማሳው አንዲት ክሽክሽ አለች? የለችም። ታዲያ ምን ይሠሩልናል ብለህ ነው የምታበላቸው?»

ዳኛው፣ ይህቺ ጥያቄ ያንተ ናት። ሰውዬው ራሱን አከከ፣ ጭልፋውን አነሣ፣ ወጣ። ላሟ እንኳ አተላዋ ስለተቀነሰ ተቀይማ ወተት የምትሰጠው ፊቷን አዙራ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ደረቅ ነፋስ ነፈሰ። ዝናቡ ቆመ፣ ሙቀቱ መጣ፣ ከሙቀቱ ጋር ክሽክሹ መጣ። ከላይ እስከ ታች የሸለቆው ባቄላ በሁለት ቀን ጥላሸት የተቀባ መሰለ። ሰው ማሳው ዳር ቆሞ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ማጭዱን ይዞ ጎህ ሲቀድ ወደ ማሳው ወረደ። ከጠፋ አጭዶ ለላሟ ሊሰጥ፣ ከዚያ መሬቱን ለአማቹ አስረክቦ ሊሄድ ቆርጧል። ዳር ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ባቄላ በእጁ ያዘና ጫፉን ገለጠ።

ክሽክሹ አለ፤ ጥቁር ብሎ ተጣብቋል። በላዩ ግን ሰባት ጥንዚዛ ሰፍረዋል።

ጎንበስ አለ። አንዷ ጥንዚዛ አንዷን ክሽክሽ በፊት እግሮቿ ያዘች፣ በላች፣ አፏን ጠረገች፣ ወደሚቀጥለው ተራመደች። ከሥሯ እንደ አዞ ጀርባቸው የተቀረቀፈ፣ ክንፍ የሌላቸው ጥቃቅን ልጆቿ አሉ፤ በእነዚያ አምስት ሳምንታት እዚያው የተፈለፈሉ። እነሱ ይባስ ከእናታቸው ይበላሉ። ወደ ሁለተኛው ባቄላ ሄደ፤ እዚያም። ወደ አሥረኛው፤ እዚያም። ያቺ ወገበ ቀጭን ተርብ እያንዳንዷን ክሽክሽ በጅራቷ ነካ እያደረገች ታልፋለች፤ የነካቻት ክሽክሽ ተነፍታ እንደ ገለባ ደርቃ ትቀራለች። ማንም አላፏጨ፣ ማንም «በሉ እንጂ» አላለ። ተሸካሚ የለ፣ ጭሰኛ የለ፣ አዛዥ የለ፤ እያንዳንዷ የቆመችበትን ግንድ እንደ ገዛ ርስቷ ይዛ ትሠራለች። ሲያኝኩ ድምፃቸው እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር ይላሉ። እኔ ግን ሰውዬውን ጠይቄዋለሁ። «የሚሰማ ነገር አልነበረም» አለኝ። «ያስፈራኝ እሱ ነው። ያን ያህል ሥራ፣ ያን ያህል ጸጥታ።»

ማጭዱ ከእጁ ወደቀ። በጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጥላው ከፊቱ ወደ ኋላው እስኪዞር ድረስ ቆየ። ያን ጊዜ ገባው። እነዚህ ሠራተኞች በየዓመቱ ክሽክሹ ሳይመጣ ቀደም ብለው ይመጡ ነበር። ተርበው፣ ተጠምተው ይደርሳሉ፤ እሱ የላጨው ወሰን ላይ አንዲት አበባ፣ አንዲት ጠብታ ያጣሉ፤ ሌላ አገር ይሄዳሉ። ክሽክሹ ሲደርስ ቤቱ ጠባቂ የለውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠላት አስገብቶ ዘበኛ ሲያባርር የኖረው እሱ ራሱ ነው፤ ያውም እየተመሰገነ።

በምሥራቅ በኩል ያለው አንድ ጥግ አልተረፈም፤ እዋሻለሁ እንጂ ይህን ያህል አልዋሽም። የቀረው ግን አፈራ። ለዘርም ለአፍም በቃ፤ መሬቱም ከእጁ አልወጣ።

አማቹስ? እሱ ወሰኑን ሙልጭ አድርጎ የላጨ ሰው ነበር፤ ባቄላው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ትልቅ ቅል ይዞ መጣ።

«እባክህ ጥንዚዛ አበድረኝ» አለው። አሁን አይስቅም።

«ውሰድ፤ ቤታቸው ነው፣ ከበዙበት ላይ ልቀም» አለው ሰውዬው።

አማቹ አንድ ቅል ሙሉ ለቀመ፤ ወስዶ ማሳው መካከል ዘረገፈ። ጥንዚዛዎቹ አንድ ሁለት ክሽክሽ ቀመሱ። ዙሪያውን ቢያዩ ራሰ በራ ወሰን፤ አበባ የለ፣ ጥላ የለ፣ የሚጠጣ የለ። ክንፋቸውን ዘረጉና ቀትር ሳይሆን ተመለሱ። አማቹም ባዶ ቅሉን እንደያዘ ከኋላቸው ሲሮጥ መንደሩ ሁሉ አየው።

ዳኛ ደባልቄ፣ ያንተ ጥንዚዛዎች ስምንት ናቸው። ነጠብጣብ የላቸውም እንጂ ሲበሉ አይቻቸዋለሁ፣ ልዩነት የላቸውም። የወሩ ንፍሮህ ያቺ የወሰኑ ርጭት ናት። ለእሷ ሲሉ ከመንደር አይርቁም፤ ለእሷ ሲሰበሰቡ የቃሬዛውን ጠፍር ይፈትሻሉ፣ ማን እንዳለ ማን እንደጎደለ ይተያያሉ። ንፍሮውን ባስቀረህ በሳምንቱ ወደ ሰሊጥ አጨዳ ይበተናሉ፤ እኔም ብሆን እሄዳለሁ። ሕመም የመጣ ዕለት ቅል ይዘህ በየበረሃው ልትለቅማቸው ነው። ሰባት ወር በከንቱ አበላኋቸው አትበል። ሰባቱን ወር ያበላሃቸው ለስምንተኛው ነው።

ጤና ጣቢያው ገደሉን ወርደህ፣ ወንዙን ተሻግረህ፣ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ባለቤትህ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ትናንት ከምንጭ ስትመለስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሁለቴ ስታርፍ አይቻታለሁ። በዚህ አልቀልድም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ በጣባ ሳይሆን ቄሱን ጠይቄ ነው የማውቀው። ሂድና ለነገው ንፍሮ ባቄላውን አስነክር።