ለእንግዳ የሚታይ በረዶ

አንድ ሰው ነበር። ጫሞ ሐይቅ አጠገብ ያለው የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የማቀዝቀዣ ክፍል ኃላፊ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ይጸልያል፣ ይጾማል፣ መዝሙር ሲመራ ድምፁ ያምራል። ስሙን አልናገርም፤ እናንተም ወደ ጎን አትተያዩ።

በክፍሉ ጣሪያ ሥር ቱቦዎች አሉ። ባለሙያዎቹ ኢቫፖሬተር ይሉታል። ሥራው አንድ ነው፤ ከዓሣው ላይ ሙቀቱን መቀበል። የሌላውን ሙቀት መሸከም ነው ሥራው። እነዚያ ቱቦዎች በረዶ ጋገሩ፤ በረዶው ክንድ አከለ። ሰውዬው ደነገጠ? አልደነገጠም፤ ኮራበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ያስጎበኛል። እኔንም አስጎብኝቶኛል። እኔም አገልጋይ ነኝ ባዩ፣ በረዶውን አይቼ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

ትርሲት የምትባል የማቀዝቀዣ ባለሙያ መጣችና አየችው። "ይሄ በረዶ ብርድ ልብስ ሆኖበታል። ቱቦው ከዓሣው ጋር አልተገናኘም። አንድ ቀን እናጥፋውና ይቅለጥ" አለችው። ዓሣውን እስከዚያ በተፈጨ በረዶ ሸፍና በሳጥን እንደምታቆይለት፣ የተቀደደውን የበሩን ጎማም እንደምትቀይር ነገረችው። በረዶው ከየት እንደመጣም አልደበቀችውም። በሩ ሲከፈት ከሐይቁ የሚገባው እርጥበት ነው ቱቦው ላይ የሚጋገረው። ሰማችሁ? ለእንግዳ የሚያሳየው በረዶ፣ ለእንግዳ ሲያሳይ የገባ ነው።

እሺ አለ? አላለም። በእኔ ጊዜ ማሽኑ ቆመ ከሚባል ሞት ይሻለኛል ብሎ መለሳት። ከዚያም ትልቅ ሞተር አስገጠመ። ሞተሩ ጮኸ፣ በረዶው ወፈረ፣ ክፍሉ ሞቀ። ለጾሙ ገበያ የተከማቸው የአርባ አጥማጆች ዓሣ በሰበሰ።

ጋሽ ማዳልቾን ታውቋቸዋላችሁ። ስልሳ ዓመት አልፏቸው አዞ ባለበት ውሃ ላይ መረብ ይጥላሉ። የባለቤታቸውን የወይዘሮ ዳሎቴን ዓይን በዚያ ዓሣ ሽያጭ ሊያሳክሙ ነበር። ያንን ዓሣ በገዛ እጃቸው ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ወይዘሮ ዳሎቴ ዛሬም እዚህ የገቡት በሰው እጅ ተመርተው ነው።

ሰውዬውስ? እዚህ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሰይጣን ማኅበራችንን ፈተነው፣ ጸልዩልን አለ። እናንተም አሜን አላችሁ። ሰይጣን ነው የበሩን ጎማ የቀደደው? ሰይጣን ነው ትርሲትን የመለሳት? ተቆጥቻለሁ። መቆጣቴንም አልደብቅም።

እናንተስ? ስንት ዓመት ጾማችሁ? ስንት ሌሊት ጸለያችሁ? ታዲያ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ትኩሳት ደርሷችሁ ያውቃል? ሠራተኛችሁ ታማ ጓዳ ተኝታ ሳለ እናንተ ጸሎት አይቀርብንም ብላችሁ ወጣችሁ። ጎረቤታችሁ ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ጥቅስ ነግራችሁት ሄዳችሁ። ቅድስናችን የምትሉት፣ ለሰው የምታሳዩት፣ እሱ ነው ከሰው የጋረዳችሁ።

ንስሐ ማለት ማሽኑን ማጥፋት ነው። ለአንድ ቀን ቆሞ፣ ውሃው ወለሉ ላይ እየፈሰሰ፣ ሰው እያየ ማፈር ነው። እናንተ ግን ይህን አትወዱም። ትልቅ ሞተር ትገጥማላችሁ። ድምፅ ማጉያ ትጨምራላችሁ።

ጋሽ ማዳልቾ ከኋላ፣ ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመካከላችን አንድም ሰው ይቅርታ አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ስለዚህ ዛሬ የመዝጊያ ጸሎት የለም። እኔ ወደ እሳቸው ልወርድ ነው። ያ ሰው ይነሳ። በረዶውን አይቶ ያደነቀ ሁሉ ይነሳ። ወይዘሮ ዳሎቴን ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ማን እንደሆነ፣ እዚያው እሳቸው ፊት ቆመን እንነጋገራለን።