ለማስተዋል ያዘኑላት ሦስት ሰዎች

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ ስልክ በየሰዉ ኪስ ከገባ ወዲህ ነው፣ ማስተዋል የምትባል የልብስ ሰፊ ልጅ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተርና ፍልስፍና አንድ ላይ ታጠና ነበር። ያየ ሁሉ «አንዱ አልበቃሽ አለ እንዴ?» እያለ ይስቅባታል። አባቷ ጋሽ ጥሩነህ ግን አይስቁም። እናቷ እሷን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደጓት ብቻቸውን ነው፤ ስትመረቅ ከማየት ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

የመመረቂያ ሥራዋ ይኼ ነው፦ አንድ ሰው የጻፋቸውን መልእክቶች አንብቦ፣ ልክ እንደዚያ ሰው የሚመልስ ፕሮግራም። የሚማርበት ጽሑፍ ሲያስፈልጋት ከአባቷ ጋር በቴሌግራም የተጻጻፈችውን ሁሉ ሰጠችው። ጋሽ ጥሩነህ ሲሰሙ ሳቁና «እኔው እያለሁልሽ ምን ያደርግልሻል?» አሏት። ይህ የኮምፒውተሩ ድርሻ ነው። የፍልስፍናው ድርሻ ጥያቄ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ማሽን ሳያውቅ የተጽናና ሰው ተበድሏል ወይ? ማስተዋል ብዙ አሰበችና «አልተበደለም፤ መጽናናቱ እውነት ነው» ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ፣ ሐዘንን ገና በወሬ ነበር የምታውቀው።

ሥራዋን መምህራን ፊት ቆማ የምታስረዳበት፣ ዲፌንስ የሚሉት ቀን ሲቃረብ፣ ጋሽ ጥሩነህ ስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ ወደቁ። ሆስፒታል እንኳ አልደረሱም።

ወንድማቸው ጋሽ አለልኝ ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስበው «ልጅቷ ሳትመረቅ መርዶ አይነገራትም» ብለው አስማሉ። «ወንድሜ ዐይኑን መርፌ ላይ የጨረሰው ለዚያች ቀን ነው። ቀብር ላይ ብትደርስስ ታስነሣዋለች?» አሉ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ፊት ለፊት ጨካኝ ያላቸውም አለ። እሳቸው ግን ሁሉንም ችለው ወንድማቸውን ያለ ልጁ ቀበሩ። ከመቃብር ሲመለሱ ሰው ደግፎ ነው ያስገባቸው።

ረድኤት ደግሞ የማስተዋል የዶርም ጓደኛ ናት፤ እሷም ኮምፒውተር ታጠናለች። ጋሽ አለልኝ ደውለው ነገሯትና «አደራ ልጄ፣ እንዳትጠረጥር» አሏት። ቀላል መስሏቸው! ማስተዋል ጠዋት ጠዋት ለአባቷ ሳትጽፍ ቀኗን አትጀምርም። መልስ ሲጠፋባት ጥናቱም እህሉም ቀረ፤ ስልኳን ይዞ መቀመጥ ብቻ ሆነ። ረድኤት አንጀቷ አልችል አላት። ጋሽ አለልኝ ከሟቹ ስልክ ላይ የቴሌግራሙን የመግቢያ ቁጥር አነበቡላት፤ እሷም የማስተዋልን ፕሮግራም በአባቷ ስም አስገባችው። «ማስቴ፣ ስልኬ ድምፅ እንቢ ብሎኝ ነው። አይዞሽ፣ እየበላሽ አጥኚ» የሚል መልእክት መጣ። ማስተዋል ስልኩን ስማ ምሳዋን በላች። ረድኤት መታጠቢያ ቤት ገብታ አፏን በፎጣ ይዛ አለቀሰች።

ኪሩቤል የፍልስፍና ክፍል ጓደኛዋ ነው። ነገሩን የሰማው ከአገሯ ከመጣ ተማሪ ነው። ረድኤትን «ንገሪያት» ብሎ ለመናት፤ እሷም በአባቷ ስም የሚጽፈው ፕሮግራሙ መሆኑን ሳትደብቀው «ትመረቅ» አለችው። «እስከዚያማ የለቅሶው ድንኳን ይነሣል። ከማን ጋር ታልቅስ?» አላት። የዲፌንሱ ዕለት አዳራሹ በር ላይ ማስተዋልን አገኛት። እየሳቀች ስልኳን ዘረጋችለት፤ «አባዬ ያለኝን እይልኝ!» አለችው። «ማስቴ፣ ዛሬ የእኔም ቀን ነው» ይላል። አንድ ሰዓት ቢታገስ ምን ነበረበት ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ። እሱ ግን ያን ሳቅ አይቶ መታገስ አቃተው። «ማስተዋል፣ አባትሽ ዐርፈዋል። ይህን የጻፈው ያንቺው ፕሮግራም ነው» አላት።

እንዴት እንደገባች አታውቀውም፤ ብቻ አዳራሹ ውስጥ ራሷን ቆማ አገኘችው። አንዱ መምህር ምንም ሳያውቅ «እንግዲህ የተጽናናው ሰው አልተበደለም ነው የምትይው?» ብሎ ጠየቃት። አፏን ከፈተች። «አላውቅም» አለችና አለቀሰች። በጭንቅ አለፈች፤ ስትመኘው የነበረው የረዳት መምህርነት ቦታ ግን ለሌላ ተሰጠ። ኪሩቤል አውቶቡስ አሳፍሮ አብሯት ሄደ፤ ድንኳኑ ሳይነሣ ደረሱ። «አባዬ!» ብላ ስትወድቅ አብሯት የሚወድቅ ጎረቤት አገኘች።

ስትመለስ ረድኤት «የአባትሽ መልእክት የቱ ጋ እንደሚያበቃ ላሳይሽ?» አለቻት። ማስተዋል እንቢ አለች። ከሁሉ የምትወደው «ዛሬ የእኔም ቀን ነው» የሚለው ያ የመጨረሻው መልእክት ነበር፤ ማጥፋትም ማንበብም አቃታት።

ምረቃው ደረሰ። ታውቁታላችሁ፣ ተመራቂ ቆቡን አውልቆ ላሳደገው ሰው ይደፋለታል፤ ፎቶ ይነሣሉ። ሦስቱም መጥተዋል። ጋሽ አለልኝ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «ብትቀየሚኝም የአባትሽን ምኞት አድርሻለሁ» አሉ። ረድኤት «እህል እንድትቀምሺልኝ ብዬ ነው» ብላ ቀረች። ኪሩቤል መሬት መሬት ያያል። ማስተዋል ቆቡን በሁለት እጇ ይዛ ሦስቱንም አየቻቸው። ሦስቱም ይወዷታል፤ ሦስቱም አንድ አንድ ነገር ወስደውባታል። ፎቶ አንሺው «ቶሎ በይ እንጂ እህቴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ይላታል።

በሉ ፍረዱ። «ለማንም አይገባም» የምትሉኝ እንዳትኖሩ፤ ያቺ ልጅ በዚያ ቀን ብቻዋን ፎቶ እንድትነሣ አልፈልግም። በአባቷ ቦታ ቆሞ ቆቡ ሊደፋለት የሚገባው ማን ነው?