ትንፋሹ ያልተለካው ሞተር

ተረት ተረት! «የጀልባ በረት» በሉኛ፣ አፋችሁን ምን ያዘው?

ከጣና ደሴቶች በአንዷ እትዬ ማንጠግቦሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን የአራስ ቅቤ በቅል ይዘው ወደ ባለጀልባው ወደ ቢያድግልኝ ወረዱ።

«አሻግረኝ የኔ ጌታ! ማዶ ያለችውን ልጄን ማርያም ማረቻት። ገንፎዋን የሚያገነፋላት ሰው የለም» አሉት።

ጀልባው «ሞተሩ ካልገፋኝ አልሄድም» አለ። ሞተሩ ግን አርጅቷል፤ ገመዱን ቢስቡት ቢስቡት እህ ብሎ ዝም ይላል። በወደቡ ያለ ሰው ሁሉ «ሞቷል፣ ለቁራሌው ሽጠው» አለ። ቢያድግልኝ ሌላ እንጀራ የለውም፣ ሆዱ ባባ።

ሞተሩም «በወሬ አልቀበርም! የውስጥ ትንፋሼ ሳይለካ አልነሳም» አለ። ሞተር አልነሳም አለ፣ ጀልባ አልሄድም አለ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ቅላቸውን ይዘው ቆሙ።

ቢያድግልኝ በሞተሩ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀውን አየር የሚለካውን ባለመርፌ መለኪያ ይዞ መጣ። መለኪያውም «እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎቹ ከቀዳዳቸው ሳይወጡ በየት በኩል ልግባ?» አለ። መለኪያ አልገባም አለ፣ ሞተር አልነሳም አለ፣ ጀልባ አልሄድም አለ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ቅላቸውን ይዘው ቆሙ።

ካንዴላው «ሽቦዬ በሞተሩ ብረት ላይ ሳይታሰር አልወጣም! ቤንዚን በሸተተበት ብልጭ ያለ እንደሆነ ጢምህን ይላጭሃል» አለ። ካንዴላ አልወጣም አለ፣ መለኪያ አልገባም አለ፣ ሞተር አልነሳም አለ፣ ጀልባ አልሄድም አለ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ቅላቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ሽቦው ደግሞ «ማርሹ ዜሮ ካልገባ አልታሰርም። ገመድ ስትስብ ውሃ ውስጥ ያለው የጀልባው መግፊያ ማራገቢያ ዞሮ የሰው እጅ ሲበላ ማየት አልወድም» አለ። ሽቦ አልታሰርም አለ፣ ካንዴላ አልወጣም አለ፣ መለኪያ አልገባም አለ፣ ሞተር አልነሳም አለ፣ ጀልባ አልሄድም አለ።

ማርሹም «አንቆ የያዘኝ ሳይፈታ አልለቅም» አለ። ቢያድግልኝ ማራገቢያውን ከውሃ ቢያነሳው፣ የጎረቤቱ የዓሣ መረብ ተጠምጥሞበታል! ቢላ መዘዘ። መረቡ ጮኸ፦

«የሰው መረብ መቁረጥ እንጀራውን መቁረጥ ነው! በችኮላ ለሚጎትተኝም አልፈታም!»

መረብ አልፈታም አለ፣ ማርሽ አልለቅም አለ፣ ሽቦ አልታሰርም አለ፣ ካንዴላ አልወጣም አለ፣ መለኪያ አልገባም አለ፣ ሞተር አልነሳም አለ፣ ጀልባ አልሄድም አለ። ቢያድግልኝም ቢላውን መለሰና አንገቱን ደፋ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ቅላቸውን አስቀመጡ። «ወዲያ በል እስቲ! ዕድሜ ልኩን ጥጥ የፈተለ ጣት ይሄ ያቅተዋል?» አሉና ቋጠሮ በቋጠሮ ይፈቱት ጀመር።

ያን ጊዜ መረብ ተፈታ፣ ማርሽ ለቀቀ፣ ሽቦ ታሰረ፣ ካንዴላ ወጣ፣ መለኪያ ገባ። ቢያድግልኝ የነዳጁን መስጫ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ገመዱን ሳበ፣ ሳበ፣ የመለኪያው መርፌ ወጥቶ እስኪቆም። የላይኛውን ሲሊንደር ለካ፣ የታችኛውን ለካ።

«የሁለቱም ትንፋሽ ሙሉ ነው፣ እኩል ናቸው! እትዬ፣ አልሞተም! በመረብ ታንቆ ነው እንጂ አልሞተም!» ብሎ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። እንባው መጣ።

ካንዴላው ተመለሰ፣ ሽቦው ተሰካ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ጀልባው ሄደ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ተሻገሩ። ገንፎው ሲቀርብ አራሷ ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ምነው ቆየሽብኝ?» አለቻቸው።

«አንድ ሽማግሌ ትንፋሹ እስኪለካ ስጠብቅ ነዋ!» አሉና እልል አሉ።

እንግዲህ ተረቴን በሞተር መልሱ፣ አፌን በቅቤ አብሱ።