የጦይባ ኸትም እና የበጉ ነገር

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ስሟን አላህ ያውቀዋል፣ ሸኽ ሙዘይን የሚባሉ ለልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ማለትም የሚያስነብቡ ሽማግሌ ነበሩ። ቁጣቸው ለጉድ፣ ልባቸው ግን ቅቤ። በዚያች ከተማ ከትንንሾቹ ሱራዎች ተነስቶ ሱረቱል በቀራን የጨረሰ ልጅ አኸተመ ይባላል። ወላጆቹ በግ አርደው ጀመዓውን ያበላሉ፤ ፍርምባው የሸኹ ነው። ያላረደ አላኸተመም።

አንድ ቀን ጥጥ ፈታይዋ ሃዋ መጣች። "ሸኼ፣ ልጄን ጦይባን ልወስድ ነው። ይኸው ስምንት ወር በቀራ ማብቂያ ላይ ተቸንክራ ቀረች። ጭንቅላቷ ካልያዘላት ከእኔ ጋር ትፍተል።"

ሸኹን ቅር አላቸው። ጦይባ ከሁሉም ፈጣን ነበረች፤ ኡስታዝ ካልሆንኩ እያለች ታናናሾቿን ታስቀራ የለ!

"እስከ ነገ ታገሺኝ" አሏት።

በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ ጦይባን ለብቻዋ "የበቀራን ማብቂያ ቅሪልኝ" አሉና ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ። ልጅቷ አየት አደረገቻቸው። ከዚያ ያቺን ማብቂያ አንዲት ፊደል ሳትስት እንደ ወራጅ ውሃ አወረደችው።

"አሚን" አሉ ሸኹ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ጦይባ ብድግ ብላ ወደ በሩ አየች።

"አንቺ ቀጣፊ! ስነቃ ትስቻለሽ፣ ስተኛ ታንበለብያለሽ?"

"እርስዎም አልተኙም እኮ፣ ሸኼ።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። "ለምን ግን፣ ልጄ?"

ድምጿ አነሰ። "ካኸተምኩ እማዬ በግ ትጠየቃለች። የላትም። እሷን ለማኝ ከሚሏት እኔን ደነዝ ቢሉኝ ይሻላል።"

አርባ ዓመት የበሉት ፍርምባ ጉሮሯቸው ላይ የቆመ መሰላቸው። "አስተግፊሩላህ!" ስንቱን ልጅ "አይገባውም" ብለው ወደ እርሻና ወደ ገበያ ሸኝተውት ይሆን?

ጁምዓ ለት ጦይባን ጀመዓው ፊት አስቀሯት። ሃዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ታብሳለች። ሸኹ ከራሳቸው ጎተራ የባቄላ ንፍሮ አስቀቅለው አቀረቡና "ከዛሬ ወዲያ የኸትም ድግስ ይኼ ነው፤ ለሁሉም" አሉ።

ነጋዴው ሐጂ ሸምሰዲን ብድግ አሉ። "እኔ እኮ ለልጄ ኸትም ሰንጋ አስሬያለሁ!"

"ልጅዎ የት ደረሰ?"

"እ... ግማሽ ላይ።"

"እንግዲያ ሰንጋው ቀድሞታል።"

ጀመዓው በሳቅ ፈረሰ፤ ሐጂም አብረው ሳቁ። ቢሆንም "ደንቡ የአባቶቻችን ነው" አሉ፣ ላለመሸነፍ።

"ቁርኣን ሲወርድ በግ እየጎተተ አልወረደም" አሉ ሸኹ።

እውነታቸውን ነው። የድሃ ልጅ ሲዘገይ ደነዝ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ልጅ ግን ሞኝ አይደለም፤ እናቱ የምትዋረድበትን ደጅ አውቆ አይረግጥም። በሩን ያጠበብነው እኛ ሆነን ልጁን ወፍራም ነው ማለት፣ ወላሂ፣ ነውር ነው።