በዳንቴል የተጠቀለለችው መንገድ መሪ

እናንተ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ መንጃ ፈቃድ በነበራቸው ዘመን፣ አንድ ጉሬዛ ነበረ።

ይህ ጉሬዛ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበረው። መንገድ የምታውቅ ስልክም ነበረችው። «ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ወደ ግራ ታጠፍ» እያለች የፈለገበት የምታደርስ ስልክ ናት። ጉሬዛ ይቺን ስልክ በጣም ይወዳታል። ስለሚወዳት የጎረቤት ዓይን እንዳይበላት ይፈራል። ስለሚፈራ ደግሞ እናቱ ለቴሌቪዥኑ በሠራችው ዳንቴል ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይከታታል።

ታዲያ ጉሬዛ ይርገዱ የምትባል የጉሬዛ ልጅ ወደደ። ወደደ ስላችሁ ቀልድ አይደለም። እንቅልፍ እምቢ አለው፤ የሚበላው ቅጠል ሁሉ እንጨት እንጨት አለው። የይርገዱ አባት ግን ቁጡ ነበሩ። «ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽማግሌ ካልመጣልኝ፣ ልጄን ለዝንጀሮ እድራታለሁ» ብለው አረፉት።

ጉሬዛም ወደ አባ ኤሊ በረረ። አባ ኤሊ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ንግግር ያውቃሉ፤ ዓይናቸው ግን ከአፍንጫቸው አያልፍም። እግራቸውንማ ተዉት፤ ዛሬ ቢነሡ የሚደርሱት ለከርሞ ነው።

«አባቴ፣ በሞተር ላድርስዎት» አለ ጉሬዛ።

«ካልጣልከኝ እሄዳለሁ» አሉ አባ ኤሊ። «ወጉን ግን እወቅ። ሽማግሌ የላከ ሙሽራ እዚያ ግቢ አይታይም። አንተ ከአጥር ውጭ ትቀራለህ።»

«እቀራለሁ። ሄልሜቴንም አላወልቅም።»

ተነሡ። ስልኳ ከኪስ ውስጥ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» አለች። ድምጿን ግማሹን ዳንቴሉ ዋጠው፣ ግማሹን ነፋሱ ወሰደው።

«ጌታው» አለ ሞተሩ፣ «ይቺን ልጅ ከኪስህ አውጣና መሪዬ ላይ እሰራት። ፊት ለፊትህ ትሁን።»

«ያገሩ ዓይን ይብላት? አንተ ጭስህን ትፋ» አለው ጉሬዛ።

እንደመሰለው ነዳ፣ እንደመሰለው ታጠፈ፣ አንድ በር ላይ ደረሰ። አባ ኤሊ ወርደው ገቡ። ጉሬዛም በወጉ መሠረት ከአጥሩ ጀርባ ተሸሸገ። ያ ቤት ግን የይርገዱ ቤት አልነበረም። የአያ ጅቦ ቤት ነበር።

«ይቀመጡ እንጂ» አለ አያ ጅቦ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አባ ኤሊ፣ ብቻቸውን ቆመው። «ልጅዎን ለልጃችን...»

«ተፈቅዷል!» አለ አያ ጅቦ። ለልጁ ጠያቂ ሲመጣላት የመጀመሪያዋ ነበር።

አባ ኤሊ ፈገግ እያሉ ወጡ። «ሆነልህ ልጄ። አባትየው ሳቃቸው ረዘም ይላል። ግቢውም አጥንት አጥንት ይሸታል።»

የጉሬዛ ፀጉር ቆመ። «አባቴ፣ ጉሬዛ አጥንት አይበላም።»

«ያለፍከው መታጠፊያ ነበር» አለች ስልኳ ከኪስ ውስጥ።

ጉሬዛም ስልኳን ከነዳንቴሏ አወጣና ጉንጩና ሄልሜቱ መካከል ሻጣት። «አሁን እሰማሻለሁ» አላት።

«መስማት ብቻውን አይበቃም» አለ ሞተሩ። «መሪዬ ላይ እሰራት።»

ጉሬዛ አልሰማውም፤ ጆሮው ተይዟል። ስልኳም «ወደ ቀኝ ታጠፍ» አለች። ጉሬዛ ቢያይ ሦስት መንገድ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

«የትኛው ቀኝ ነው?»

«ሥዕሉን እየው።»

«በጉንጬ ነው የማየው?»

መካከለኛውን ያዘ። ደረሱ፤ አባ ኤሊ ገቡ፤ ጉሬዛ ተሸሸገ። ቤቱ የአያ ጃርት ቤት ነበር። አያ ጃርትም ልጃቸውን ለመዳር አላመነቱም። አባ ኤሊ ሲወጡ ጋቢያቸው ላይ እሾህ ቆሟል።

«ሆነልህ ልጄ። አቃፊ ቤተሰብ ነው። ድንጋይ የለበስኩ ባልሆን ኖሮ ወንፊት አድርገውኝ ነበር።»

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ጉሬዛ ቸኮለ። ዳንቴሉን ገፈፈና ስልኳን በአንድ እጁ ይዞ፣ በአንድ እጁ እየነዳ፣ ዓይኑን ስልኳ ላይ ተክሎ ከነፈ።

«ወደ ፊት እይ» አለች ስልኳ።

«አንቺን እያየሁ አይደል?»

«እኔን አይደለም፣ መንገዱን!»

«ቦይ» አለ ሞተሩ፣ እንደ ዋዛ። ወዲያው ቦይ ውስጥ ገቡ።

ጉሬዛ ጭቃ ላይ ተዘረጋ። አባ ኤሊ ተወርውረው በጀርባቸው አረፉና እንደ እንዝርት ተሽከረከሩ። እግራቸው ወደ ሰማይ እንደሆነ «ደረስን?» ብለው ጠየቁ።

ጉሬዛ አለቀሰ። «ይርገዱ ልታመልጠኝ ነው። ሽማግሌዬንም ልገድል ነበር። ምን ይሻለኛል?» አለ።

«የሚሻልህንማ ከጠዋት ጀምሮ እየነገርኩህ ነው» አለ ሞተሩ።

ጉሬዛ አባ ኤሊን ገልብጦ በእግራቸው አቆማቸው። ዳንቴሉን ተረተረና ክር አደረገው፤ በክሩም ስልኳን በሁለቱ ስፖኪዮዎች መካከል መሪው ላይ አጥብቆ አሰራት። ስልኳ የመጀመሪያዋ ነበርና ሰማዩን አይታ ተገረመች።

«ፀሐይ አለ፤ ብርሃኔን ከፍ አድርገው» አለችው። «ሳትነሣ መንገዱን ከእኔ እይ። ስትሄድ ስማኝ፣ ዓይንህ ግን ከፊትህ አይነሣ። ግራ ከገባህ ዳር ይዘህ ቁም።»

እንዳለችው አደረገ። ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ሳለች የይርገዱ በር ደረሱ። አባ ኤሊ ገብተው ንግግራቸውን አሳመሩት። አባትየው ደስ አላቸው።

«ለመሆኑ ልጁ ሌላ ቦታ ቃል አለው?» ብለው ጠየቁ።

አባ ኤሊ ውሸት አያውቁም። «ከዛሬ ጠዋት ወዲህ ሁለት ብቻ» አሉ።

አባትየው ከመቀመጫቸው ዘለሉ። አባ ኤሊ የሆነውን ሁሉ ሲናዘዙ ከጓዳ ሳቅ ተሰማ። ይርገዱ ናት።

«አባዬ፣ ሽማግሌው በሰዓቱ ደርሰዋል» አለች። «ልጁ ራሱ ሄዶ ሁለቱን ቃል ይመልስ። ሳይጠፋ ከመጣ አገባዋለሁ። ከጠፋ ዝንጀሮው ይሻለኛል።»

ጉሬዛ ስልኳን ፊት ለፊቱ አድርጎ ሄደ። አንድም መታጠፊያ አልሳተም። አያ ጅቦ «ድግሱ ተሠርቷል፤ ሳትበላ ንቅንቅ የለም» አለና ጭን የሚያህል አጥንት ሰጠው። ጉሬዛ ጋጠ፣ ጋጠ፣ የፊት ጥርሱ ወለቀ። አያ ጃርት ደግሞ «ያለ ስንብትማ አይሆንም» ብለው አቅፈው ግራ ቀኝ ሳሙት።

ሲመለስ የይርገዱ አባት በር ላይ ቆመው አዩት፤ የፊት ጥርሱ ወልቋል፣ ጉንጩ እሾህ አብቅሏል።

«ግባ ልጄ» አሉት። «ሁለቱም ቤት ለመድረስህ ሌላ ምስክር አልፈልግም፤ ፊትህ ይበቃል።»

ልጆቼ፣ ነገሩ ይህ ነው። መንገድ የሚያሳያችሁን ከፊታችሁ እሰሩት፣ ዓይናችሁን ግን ለመንገዱ ተዉለት። የደበቀው ሰው ከጅብ ጋር ይበላል፣ ከጃርት ጋር ይሳሳማል። የእኔ ተረት እዚህ ላይ ሞተሩን አጠፋ፤ እናንተም ስትነሡ ግራ ቀኝ አይታችሁ ተነሡ።